ያልፈረሙት አባቴ
(ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ ሠዓሊ ሙት ዓመት ላይ ልጃቸው ያደረገው ንግግር)



ጠላው ትንሽ ይቆየንና ስለ አባቴ ላውራ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከዚህ እስከ አንኮበር እየተጠሩ፣ በየደብሩ እየከረሙ ይሠሩ ነበር። አቡጀዲውን ሙጫ ይቀቡታል፣ ሲደርቅ ይነድፉበታል፣ ቀለሙን ይጥላሉ፤ ከዚያ ጨርቁ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ ሙጫ አሟቂ ነበርኩ። ሽታው እስከዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።

ስማቸውን ግን የትም አልጻፉም። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፣ ስሙም ካጠገቡ ይጻፍለታል። ገንዘቡን የሰጠ ይጻፋል፣ እጁን የሰጠ አይጻፍም። (መቼስ ይኼ ነገር በቤተ ክርስቲያን ብቻ የቀረ አይመስለኝም!) ልጅ ሆኜ «ለምን አይጽፉም?» ብላቸው «ታቦቱ ያውቀኛል» አሉኝ።

ሁሉም ግን እንደሳቸው አልነበረም። ይህችን ከተማ የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር። ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ይኸው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም እንጠራዋለን። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌስ? በ1925 ዓ.ም. እዚያው ተወልደው፣ ማዕድን ምህንድስና ተማር ተብለው እንግሊዝ ተልከው፣ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሠሩ። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ሰማ። የአባቴን ሞት የሰማው ዕድራችን ነው። ቅናት አይደለም፤ ሁለቱም የሚገባቸው ናቸው።

እኔ ግን የአባቴን እጅ ያለ ፊርማም አውቀዋለሁ። በሥዕላችን ደንብ ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላል። አባቴ ጌታን ለሚገርፉት ጭፍሮች የምናውቀውን ሰው አፍንጫ ይሰጧቸው ነበር። አንዱማ ቁርጥ የዘመኑ ግብር ሰብሳቢያችን! ሰውዬው በየንግሡ እየመጣ ይሳለማል፣ ራሱን ግን አንድም ቀን አላወቀም። ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ የአንድ ዓይን ሥራ በዝቶባቸው እንቅልፍም ባላገኙ።

ያ ሥዕል አሁን ግድግዳ ላይ የለም። ደብሩ በሲሚንቶ ሲታደስ ጨርቁ ተላጠና ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ። በቦታው ከሱቅ የተገዛ የሚያብረቀርቅ የወረቀት ሥዕል ተለጥፏል። የደብሩን ስም አልጠራም። ጣሪያው ያፈስ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ግን ጎበዝ፣ ጣሪያ ለማደስ ሥዕል ይጣላል እንዴ?

ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ አንዱን ጥቅል ለዛሬ ብቻ አገኘሁ። «ፈርመህ ውሰድ» አሉኝ፣ ፈረምኩ። እንግዲህ በአባቴ ሥራ ስም ፊርማ ሲሰፍር ይኼ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ እሱም የኔ፣ እሱም ደረሰኝ ላይ። እሑድ እመልሳለሁ። ዕቃ ቤት ሳይሆን ግድግዳ ላይ እንዲመለስ የሚያመለክት ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ የምትፈርሙ ብዕር እዚህ አለ።

አሁን ሁለት ሰዎች ኑና ጫፉን ያዙልኝ። ቀስ በሉ፣ ቀለሙ ይረግፋል። በዚህ በኩል አይጥ በልታዋለች። ግብር ሰብሳቢው በስተግራ ነው።