የስም አገልጋይ ሲናገር

አንደኛ አቅራቢ፦ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚመልሰው የዲኤንኤስ አገልጋይ ሥራውን ሳያቋርጥ ያለበትን ሁኔታ ሊናገር ይችላል፤ ባይንድ በተባለው ሶፍትዌር ላይ አስተዳዳሪው «አርኤንዲሲ ስታተስ» ብሎ ሲያዝ፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ ሥራ የጀመረበት ሰዓት፣ የያዛቸው ዞኖች፣ ማለትም የስም ክልሎች፣ ብዛትና መልስ የሚጠባበቁ ጥያቄዎች ቁጥር ይዘረዘራሉ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት የመጨረሻው ነው፤ በነባሪ ቅንብር ጣሪያው 1000 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደዚያ ሲጠጋ አገልጋዩ ከሌሎች አገልጋዮች መልስ እየዘገየበት ወይም ጥቃት እየደረሰበት ሊሆን ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ትራፊኩን በዝርዝር የሚያሳየው «አርኤንዲሲ ስታትስ» ግን ቆጠራዎቹን በፋይል ላይ የሚጽፈው አገልጋዩ ከተነሣ ጀምሮ በተጠራቀመ ድምር በመሆኑ፣ አንድን ንባብ ለብቻው ወስዶ መፍረድ ከባድ ስሕተት ነው፤ የወቅቱን ጭነት የሚገልጸው በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በቆጠራዎቹ ውስጥ «ኤንኤክስዶሜይን» የተጠየቀው ስም አለመኖሩን ሲያመለክት፣ በድንገት ማሻቀቡ ብዙ ጊዜ የዘፈቀደ ስሞችን የሚፈበርክ ጎጂ ሶፍትዌር በኔትወርኩ ውስጥ መኖሩን ያስጠረጥራል፤ «ሰርቭፌል» ደግሞ አገልጋዩ መልሱን ማግኘት አለመቻሉን የሚገልጽ ሲሆን፣ ከመንስኤዎቹ አንዱ የዲኤንኤስሴክ፣ ማለትም የመልሱን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ፣ ጊዜው ማለፉ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ እነዚሁ ቆጠራዎች በኤችቲቲፒ በኩል በኤክስኤምኤል ወይም በጄሶን መልክ ሊነበቡ ስለሚችሉ፣ አስተዳዳሪዎች ይህን መስኮት ለታመኑ አድራሻዎች ብቻ ሊከፍቱት ይገባል።