ማስታመም ማስተኛት ብቻ አይደለም
(በቶሮንቶ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጠያቂ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ከመካከላችን አንዷ ሁለቱም ሳንባዎቿ በንቅለ ተከላ ተተክተውላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ስሟ በመጽሔታችን እንዳይወጣ ስለጠየቀችን «እህታችን» እያልን እንቀጥላለን። ኮሚቴያችን ዛሬ በፊታችሁ የቆመው ሕክምናዋ ገና እንዳላለቀ ለማስረዳትና ከእኛ የሚጠበቀውን ለመነጋገር ነው።

ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ውጤት ያስገኘው የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገው እዚሁ ከተማችን፣ በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል፣ በ1983 ነው። በ1986 ደግሞ ሁለቱንም ሳንባ መተካት እዚያው ተሳካ። ስለዚህ የሐኪሞቹ እጅ የታመነ ነው። የቀረው ሥራ ግን በአብዛኛው የእህታችንና በዙሪያዋ ያለነው ሰዎች ነው።

ለምን ቢባል፣ ሳንባ ይተካል፤ ጡንቻ ግን አይተካም። እህታችን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኦክስጅን እየጎተተች ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ እንኳ ትቸገር ነበር። በዚያ ላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ተጨመረ። ሰውነቷ አዲሱን ሳንባ እንዳይገፋው ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች መካከል እንደ ፕሬድኒሶን ያሉት ጡንቻን ያደክማሉ፣ አጥንትንም ያሳሳሉ። ስለዚህ ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ቀድሞ እምቢ የሚላት ጭኗ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሦስት ወር፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ትሠራለች። በትሬድሚል ትራመዳለች፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ትነዳለች፣ ከወንበር እየተነሣች ትቀመጣለች፣ በእግሯ ቀላል ክብደት ታነሳለች። ጣቷ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ የኦክስጅኗን መጠን ያሳያል። ትንፋሿ ምን ያህል እንዳጠራት ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ትናገራለች። በየጊዜውም በ6 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደምትሄድ ይለካል። በቤልጅየም ሉቨን ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ ለሦስት ወር በባለሙያ ተከታትለው የሠለጠኑ ሰዎች፣ ከዓመት በኋላም በየቀኑ የሚራመዱበት ጊዜ ካልሠለጠኑት ይበልጥ ነበር።

ሊጠይቃት ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገሮች እንግዳ ሊሆኑበት ይችላሉ። አንደኛው ሳሏ ነው። ሳንባ ሲተካ ነርቮቹ ይቆረጣሉ፤ አክታ ቢጠራቀምም እንደ ድሮው ጉሮሮዋን ከክኮ አያስላትም። ስለዚህ በጥልቀት ተንፍሳ፣ ሆን ብላ መሳል አለባት። ስትስል ብትሰሙ ልምምዷ ነውና አትደንግጡ። ሁለተኛው፣ የደረቷ አጥንት እስኪገጥም ድረስ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መግፋትና መሳብ አይፈቀድላትም። ልጇን እንኳ ቁጭ ብላ ነው የምታቅፈው። የገበያ ዕቃና ልብስ ማጠብ ግን ልንይዝላት እንችላለን።

አሁን ወደ ባህላችን እንምጣ። ታማሚን መጠየቅ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ እንዲቀር አንፈልግም። ለእህታችን እንዲስማማ አድርገን ግን እንያዘው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ጉንፋን የጀመረው ሰው በስልክ ይጠይቅ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ መሳሳሙ ይቆየን። ከሁለት ሰው በላይ አንድ ላይ አንግባ። ዕጣንና የቡና መቁላት ጭስ ከቤቷ ይራቅ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ አትውሰዱላት፤ መከላከያዋ በመድኃኒት ዝቅ እንዲል ስለተደረገ ለኛ የማይታወቅ ጀርም እሷን ሆስፒታል ይመልሳታል። ግሬፕፍሩትም ከመድኃኒቷ ጋር ስለሚጋጭ ይቅር። በደንብ የበሰለ ምስር፣ ዶሮና እንቁላል ግን ጡንቻዋን ይገነባል።

ከሁሉም በላይ «ተጋደሚ፣ አይዞሽ አትነሺ» ከማለት ይልቅ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱና አብራችኋት ተራመዱ። ብርድ ሲሆን ሰው ባልበዛበት ሰዓት የገበያ አዳራሽ ኮሪደር አለ። ወሬውን እየተራመድን እንጨርሰው።

በመጨረሻ ወደ ሒሳቡ እንግባ። በሳምንት 3 ቀን ለ12 ሳምንት 36 ቀን ነው፤ ደርሶ መልሱ 72 ጉዞ ይሆናል። 5 ሳምንት አልፏል፤ 21 ቀን፣ ማለትም 42 ጉዞ ይቀረናል። ቀዶ ሕክምናውን ኦሂፕ ሸፍኖታል፤ ታክሲና ፓርኪንግ ግን ከቤተሰቡ ኪስ ነው። እስካሁን ያመላለሳት ባለቤቷ ፈቃዱ አልቆ ሥራ ሊገባ ነው። መኪና ለመንዳት ገና አልተፈቀደላትም፤ የተጨናነቀ አውቶቡስም ለጊዜው አይመከርላትም። ልምምዱ ከተቋረጠ የተሠራው ጡንቻ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሁለት ነገር ይጠይቃል። መኪና ያላችሁ እህቶች በር ላይ ባለው ዝርዝር ቢያንስ አንድ ቀን ያዙ፤ 21 ሰው ከተመዘገበ የማንም ተራ ሁለት ጊዜ አይደርስም። ሰው ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ የታክሲው ወጪ ከመረዳጃ ሣጥናችን በደረሰኝ እንዲከፈል ድምፃችሁን ስጡን። ለደጋፊዎቻችንም ቃል እንገባለን፤ የእያንዳንዱ ጉዞ ወጪ በሚቀጥለው ሪፖርታችን ተዘርዝሮ ይቀርባል።

እህታችንን ፈጣሪ ጨርሶ ይማራት።