በገደል ላይ ያለው አደራ
(በዘመሮ ለሰበካ ጉባኤያት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በቅጥራችን ውስጥ ስላሉት ዛፎች ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ዛሬ ግን በገደል ላይ ስለሚበቅለው እሬት እንናገር ዘንድ ወደድን። እሬት እንግዳችን አይደለም። ስሙን ኒቆዲሞስ ለጌታችን መገነዣ ካመጣው ሽቱ ጋር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እናነበዋለን፤ ምሬቱንም ብዙዎቻችን ጡት ስንጥል ቀምሰነዋል።

በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች አሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ አገር አይገኙም። ከእነዚህ አንዱ ከመንዝ በስተደቡብ፣ በአንኮበር ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ ያድጋል። ማይክል ጊልበርትና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ሲያስተዋውቁት በአንኮበር ስም ጠሩት። መኖሪያው ጠባብ ስለሆነ ያ ገደል ቢጠፋ የሚሸሽበት ሌላ አገር የለውም።

እሬት በወፍራም ቅጠሉ ውኃ ያጠራቅማል፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በቀን ዘግቶ በሌሊት ይከፍታል፤ ድርቅን የሚችለውም በዚህ ነው። ዶማን ግን አይችልም። እድገቱ አዝጋሚ ነው። ደግሞም አብዛኛው የእሬት ዓይነት በገዛ ብናኙ ዘር አይቋጥርም፤ ንብና አበባ ቀሳሚ ወፍ ከሌላ እሬት ሊያመጡለት ይገባል። ስለዚህ ሌላውን ነቅለን «አንዱን ትተናል» ብንል አላዳንነውም። ብቻውን የቀረው ያብባል፤ ዘር ግን አይተካም።

የመንዝ አባቶች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠብቀዋል፤ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሟል። ሣርን ያዳነ ሥርዓት ገደልን ማዳን አያቅተውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰበካ በአቅራቢያው ገደል ያለውን እሬት በሚያብብበት ወራት ቆጥሮ ይመዝግብ፤ ዓይነቱን ባለሙያ ይለየዋል። ሁለተኛ፣ በዚያ ስፍራ ድንጋይ እንዳይፈለጥ፣ ፍየልም እንዳይሰማራ ከቀበሌው ጋር ይስማማ። ሦስተኛ፣ ለመድኃኒት የሚፈልግ ሰው ከታች አንድ ቅጠል ይቁረጥ እንጂ ሥሩን አይንቀል። ከገደል ነቅሎ በቅጥር መትከልም ጥበቃ አይደለም፤ ዘሩን ለቅሞ ማፍላት ይሻላል።

አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ታዟል። እኛም በደጃችን ያለውን ገደል እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።