ስለ ልብ ጡንቻና ስለ ሚዮሲን
(በሐረር በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ሚዮሲን ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ሥራው እዚህ በተቀመጥነው በያንዳንዳችን ደረት ውስጥ ነው።

ጡንቻ የሚኮማተረው ክሮቹ ራሳቸው እያጠሩ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ መሆኑን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች በየበኩላቸው አስታወቁ። ወፍራሙ ክር የሚዮሲን ነው። አንድ ሚዮሲን ሁለት ከባድና አራት ቀላል ሰንሰለቶች አሉት። የከባዶቹ ጅራት እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ራሳቸው ደግሞ አክቲን የሚባለውን ቀጭን ክር ይዞ ይስባል። ቀላሎቹ አንገት ላይ ተጠምጥመው አንገቱን ያጸኑታል። ከአራቱ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ፎስፌት ሲጨመርባቸው ራሱ ወደ አክቲን ይጠጋል፤ የልብም ምት ይበረታል።

የቀላሎቹ ሰንሰለቶች ጂን ሲለወጥ የልብን ግድግዳ ያለ ልክ የሚያወፍር የውርስ በሽታ ሊመጣ እንደሚችል በ1996 ታወቀ። በዚህ በሽታ ጤነኛ የሚመስል ወጣት ሲሮጥ ድንገት ሊሞት ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው የዚህ በሽታ ምክንያት በሌሎች ጂኖች ላይ ነው፤ የቀላሎቹ ድርሻ ጥቂት ነው።

በአገራችን ግን የብዙ ወጣት ልብ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ይህም ከሚዮሲን የራቀ አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በላዩ ላይ ኤም የሚባል ፕሮቲን አለው፤ አገማመዱም የሚዮሲንን ጅራት ይመስላል። እንግዲህ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊወጋ ያዘጋጀው መከላከያ ዘመድና ባዳ ሳይለይ በገዛ ልቡ ላይ ይነሣል። ይልቁንም የሚበላሹት የልብ በሮች ናቸው። የጁገል ግንብ ከጥንት አምስት በሮች አሉት፤ ልብ ያሉት አራት ብቻ ናቸው። አንዱ በደንብ መዘጋት ሲያቅተው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ታዲያ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ምን ይደረጋል? በብዙ ቤት «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጣል። ወላጆችን አንነቅፍም፤ ለልጃቸው አስበው ነው። ነገር ግን ምላጭ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ግን ሊያመጣ ይችላል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት መወጋት አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲሻለው መርፌው ይረሳል፤ መንገዱም ለገጠር ሰው ሩቅ ነው።

በሕይወት ፋና ሐኪም ቤት የምንለማመድ ተማሪዎች ለዚህ የምንበቃ ይመስለናል። ከመካከላችን ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚናገር አይጠፋም። ሁለት ሁለት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቶች ስለ ጉሮሮ ሕመም ብናስረዳ፣ መርፌ ያቋረጡትንም ለማስታወስ ብንተባበር ብለን አሳብ እናቀርባለን። የሚፈቅዱ ከስብሰባው በኋላ ቀርተው ስማቸውን ያስመዝግቡ።