ስለ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን ፓምፕና የዘይት ማጣሪያ አለዋወጥ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ርእሴ ለበዓል የማይስማማ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን መኪና በማይገባበት የገጠር መንገድ የጤና ሠራተኛውና የእርሻ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚጓዙት በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ በመንገድ ቢቆም የሚጎዳው ነጂው ብቻ ሳይሆን እርሱን የሚጠብቀው በሽተኛም ጭምር ነው።

በቀድሞው ሞተር ብስክሌት ቤንዚኑ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር ይወርድ ስለ ነበረ ፓምፕ አያስፈልገውም ነበር። ኋላ ግን ቤንዚንን በግፊት የሚረጭ መሣሪያ መጣ፤ ለጭቃና ለአባጣ ጎርባጣ መሬት ከተሠሩት መካከል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ2008 ሞዴል የሆነው ሱዙኪ አር ኤም ዜድ 450 ይህን ይዞ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በእንደዚህ ያለው ሞተር ፓምፑ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ ሲሆን፣ 3 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ሞተሩ አልነሣ ሲል ብዙ ሰው አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ይሮጣል፤ ይህ ግን ከሥሩ መጀመር አይደለም። አስቀድሞ ቁልፉን ከፍቶ ማዳመጥ ይገባል፤ ደኅና ፓምፕ ለ2 ሰከንድ ያህል «ዝዝ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ድምፅ ከሌለ ፊዩዙን፣ ባትሪውንና የሽቦውን መጋጠሚያ እንመርምር። ኤሌክትሪክ እየደረሰው ዝም ካለ ያን ጊዜ ጥፋቱ የፓምፑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በምድር ላይ ተስቦ ርቆ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው በሜዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ሽቦ ተፈትቶ፣ ሲጋራና ኩራዝ በሌለበት ይሁን። ቧንቧው ሲፈታ በውስጡ የቀረው ግፊት ቤንዚን እንዳይረጭ በጨርቅ መጠቅለል ያሻል። ማጠራቀሚያው ሳይከፈት ውጭው ካለበት አቧራ ይጸዳ። ፓምፑ ሲወጣ የጎማው ቀለበት በአዲስ ይለወጥ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ አዲሱን ከመግጠማችን በፊት የማጠራቀሚያውን ወለል እንመልከት። ዝገት፣ አሸዋ ወይም ውሃ ካለበት የመጀመሪያውን የገደለው ሁለተኛውንም ይገድለዋል፤ የነጂውም ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። በጠርሙስና በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን በጥሩ ማጣሪያ ሳይጠለል አይግባ።

ወደ ዘይቱ የምናልፈው ፓምፑ ተገጥሞ የፈሰሰው ቤንዚን ከደረቀ በኋላ ነው። ሞተሩን ጥቂት አሙቀን እናጠፋለን፤ ዘይቱንም በዕቃ እንቀበላለን። በብዙዎቹ የሆንዳ ሞተሮች የወረቀቱ ማጣሪያ «አውትሳይድ» ማለት «ወደ ውጭ» የሚል ጽሕፈት አለበት፤ ይህ ወገን ወደ ክዳኑ መዞር አለበት። ተገልብጦ ቢገባ የዘይቱ መንገድ ተዘግቶ ሞተሩ ይቃጠላል። የክዳኑ ትንንሽ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለ ሆነ በጉልበት ቢጠብቁ ጥርሱ ይበላል። አሮጌውን ማጣሪያ ሳንጥል እጥፋቱን ዘርግተን እንየው፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ብዙ ከሆነ በውስጥ የሚፋቅ ነገር አለና ለባለሙያ ይታይ። የወጣውም ዘይት እናቶቻችን ውሃ ወደሚቀዱበት ወንዝ አይደፋ፤ ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጥ።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ! ወንድም ሆነ ሴት ልጃችሁ መፍቻ ይዛችሁ ብታዩ እጁ ቆሸሸ፣ እጅዋ ቆሸሸ ብላችሁ አትከልክሉ። ጓደኞቼ ሆይ! የተበላሸውን አውጥቶ አዲስ መግጠም የሥራው እኩሌታ ነው፤ እኩሌታው ምን እንዳበላሸው መርምሮ ማወቅ ነው። በፊዚክስ ክፍል «ለምን?» ብለን መጠየቅን የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና፣ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሥራ እንድንወጣ አደራ በማለት ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።