መግጠምና መስማማት፦ የጌም ኮምፒውተር ክፍሎችን ስለመምረጥ



የፎገራ ገበሬ የሚያውቀውን ነገር በማስታወስ ልጀምር። ኤክስ-ጂግና የተባለው የሩዝ ዝርያ በክረምት ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ማሳ ይዘራል፤ ኔሪካ-4 ደግሞ ውሃ ለማይተኛበት መሬት የሚመረጥ ነው። ገበሬው ዘር ሲመርጥ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለቱ በፊት «ለየትኛው መሬት?» ይላል። የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥም ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይበልጣል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ቅደም ተከተል ለመለወጥ ነው። ፍሬ ነገሩም አጭር ነው፤ የገጠመ ሁሉ አይስማማም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለአሮጌ ኮምፒውተሬ ራም ገዛሁ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ነበር፤ እኔ የገዛሁት ዲዲአር 4 ሆነ። የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 288 መገናኛ እግሮች አሉት፤ መሐል ላይ ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። ዕቃውን ይዤ ብመለስ ሻጩ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። የወር ቀለቤ በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ቅርጹ ራሱ «አልገባም» ይላልና። ከባዱ ስሕተት ቅርጹ እሺ እያለ ሥራው እምቢ የሚልበት ነው። ለምሳሌ የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችም ሆኑ 8ኛና 9ኛ ትውልዶቹ ባለ 1151 እግር ሶኬት ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ለፊተኞቹ በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ኋለኞቹን ብታስቀምጡ ኮምፒውተሩ አይነሣም። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬትም ብዙ ትውልድ ያስተናገደ ነው፤ ነገር ግን የማዘርቦርዱ ባዮስ ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የሶኬቱን ስም ማወቅ አይበቃም፤ በማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ የፕሮሰሰሮቹን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ኃይል እንለፍ። ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ነው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም ፓወር ሳፕላዩ የተሠራው ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ነው። ግራፊክስ ካርድ ከሚሰካበት ቦታ የሚያገኘው ኃይል እስከ 75 ዋት ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በዚህ ልክ የተሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም ለመላው ኮምፒውተር 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይመክራል። «ፓወር ሳፕላዩን እቀይራለሁ» የሚል ሰው አስቀድሞ ክዳኑን ከፍቶ ይመልከት፤ አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች የአምራቹ ብቻ የሆነ መሰኪያ ስላላቸው ከገበያ የተገዛው አይሆናቸውም። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነም ካርዱ አጭር ቁመት ያለው መሆን አለበት።

ኮምፒውተሩ ከአካባቢውም ጋር መስማማት አለበት። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አሮጌ ዴስክቶፕ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ካለው፣ 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ፓወር ሳፕላዩ ይቃጠላል። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት ስታቢላይዘር ቅንጦት አይደለም። ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነም የሚሸከመውን ዋት ከኮምፒውተራችሁ ፍጆታ ጋር አስተያዩ። በተጨማሪም የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ በበጋ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሰፋ ያለና አየር የሚያስገባ ሳጥን መምረጥ፣ በየጊዜውም አቧራውን ማራገፍ ይገባል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም፣ የራሙን ዓይነት፣ የፓወር ሳፕላዩን ዋትና ገመዶች፣ የሳጥኑን የውስጥ ልክ፣ የባዮሱን ቁጥር። ግራፊክስ ካርዱን መምረጥ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከወረታ ተነሥቶ ባሕር ዳር ድረስ ዕቃ ለመቀየር መመላለስ የሚያስከፍለውን ታውቃላችሁ፤ ሻጩ አልመልስም ካለ ደግሞ ጉዞውም ከንቱ ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ያ ገንዘብ አባትና እናት ሩዝ ሸጠው የላኩት ነው። ወረቀቱን ለመሙላት የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ለእነርሱም የሚከፈል አክብሮት ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።