የጨረር ፕሮግራምና የጉለሌ ጥላ



ብርሃን ከፀሐይ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ዓይን ይጓዛል። ጨረርን ተከትሎ ሥዕል የሚሠራ ፕሮግራም ግን መንገዱን ገልብጦ ከዓይን ይነሣል። በሥዕሉ ላይ ባለች በእያንዳንዷ ነጥብ አንድ ጨረር ያሳልፋል፤ ጨረሩ በመጀመሪያ የሚነካውን አካል ይፈልጋል፤ ከተነካውም ቦታ ወደ ፀሐይ ሌላ መሥመር ይዘረጋል። መሥመሩን የሚጋርድ ነገር ከተገኘ ቦታው በጥላ ሥር ነው። ይህን አሳብ አርተር አፔል በ1968 እ.ኤ.አ. አቀረቡ፤ ተርነር ዊትድም በ1980 እ.ኤ.አ. ነጸብራቅንና የብርሃን ስብረትን ጨመሩበት።

ሥራው ከመቶ በማይበልጡ መሥመሮች ሊጻፍ ስለሚችል የፕሮግራም ቋንቋዎችን ጠባይ ለማነጻጸር ይመቻል። ከመስተዋት የተንጸባረቀ ጨረር ሌላ ጨረር ይወልዳልና ፕሮግራሙ ራሱን መልሶ ቢጠራ ይቀላል። ይህ ለሊስፕ ተፈጥሮው ነው፤ የፎርትራን 77 ደንብ ግን አይፈቅደውም ነበር፤ ፈቃዱ የተገኘው በፎርትራን 90 ነው። በሲ የቬክተርን ሦስት ቁጥሮች ለየብቻ መደመር ሲያስፈልግ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የመደመር ምልክቱ ለቬክተርም እንዲያገለግል ማድረግ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የፕሮግራሙ ማጠር ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። ፀሐይን በተሳሳተ አቅጣጫ ያስቀመጠ ፕሮግራምም ያማረ ሥዕል ያወጣል። ፈታኙ ከቋንቋው ውጭ ነው፤ ለዚህም የጉለሌ ተዳፋት ይበቃል።

ጉለሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ታኅሣሥ 12 ገደማ በስተደቡብ፣ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ በስተሰሜን ትሆናለች። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በደልዳላ መሬት ላይ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን 6.4 ሜትር፣ በሰኔ ወደ ደቡብ 2.6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። መሬቱ ወደ እንጦጦ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚያሻቅብ ከሆነ የታኅሣሡ ጥላ ወደ 6 ሜትር ያጥራል፤ የሰኔው እምብዛም አይለወጥም። በብርዱ ወራት በስተሰሜን ያለው ጎረቤት ፀሐይ ማግኘቱና ማጣቱ በዚህ ስሌት ይታወቃል።

የቀትር ፀሐይ እንደ አውሮጳ ዘወትር በደቡብ ናት ብሎ የተነሣ ፕሮግራም፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢገለበጥ፣ በሰኔ ለጉለሌ ሐሰት ይናገራል። በመሆኑም ወጣቱ መሐንዲስ በእነዚያ ቀናት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ተክሎ ጥላውን ይለካ። ከዚያ በኋላ በወደደው ቋንቋ ይጻፍ፤ ውጤቱ ከዘንጉ ጥላ ጋር ካልተስማማ የሚታረመው ፕሮግራሙ ነው።